የቴኬኡ ሳጥን

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳጥኑ በቦታው ነበር።

የአቫሩአ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አንድ በርና ሁለት መስኮት አለው። ሳጥኑ በግራው መስኮት ሥር ወለሉ ላይ፣ ከሁለት የቁም ማራገቢያዎች አጠገብ ተቀምጧል። ቡናማ ካርቶን ነው፤ አንድ ሰው ታቅፎ ሊሸከመው ይችላል። ዙሪያውን በገመድ ታስሯል፤ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም ፈሶበታል። ከሰሙ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ አለ። አንደኛው የባሕርና የውሃ ቢሮ ነገረ ፈጅ የአቶ ፌርበርን ነው። ሁለተኛው የከሳሿ የማማ ቱአይኔ ነው። መስኮቶቹ ተቀርቅረዋል። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው ከመብራት ቆጣሪው ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ እዚያ መንጠልጠሉን ራሮቶንጋ ደሴት ላይ የማያውቅ ሰው የለም።

ይህን ያየው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማታዮ ነው። የመጣው ማራገቢያዎቹን ሊወስድ ነበር። በዚያ እሑድ የየመንደሩ ምእመናን በአቫሩአው ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ስለሚያመልኩ ሕዝቡ ከአግዳሚው ተርፎ ግቢውን ሞልቶታል፤ ሙቀቱም አይቻልም። ማታዮ ማራገቢያዎቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። ቆለፈ። ቁልፉን መልሶ ሰቀለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሊመልሳቸው መጣ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። መስኮቱ እንደተቀረቀረ ነው። አንዱን ማራገቢያ አቆመ። ሁለተኛውን ሊያቆም ሲያጎነብስ ወለሉ አቧራ ላይ የቀረ አራት ማዕዘን አሻራ አየ።

ሳጥኑ የለም።

*

ሳጅን ቴኡራ ያን ጠዋት ተረኛ ነበረች። መንገዱን አንድ ጊዜ ዞራ ወደቡ አጠገብ ፒክአፗን ጥላ ሥር አቆመች፤ በሬዲዮ የሚተላለፈውን መዝሙር ስታዳምጥ አረፈደች። የማታዮ ስልክ ሲመጣ ስብከቱም መዝሙሩም አልቆ ሬዲዮው ወደ አየር ጠባይ ዘገባ ተሻግሮ ነበር።

በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። መቆለፊያውን አየች፤ አልተፈለቀቀም። መስኮቶቹን አየች፤ ማዕዘኑ ላይ ሸረሪት ያደራችው ድር እንኳ አልተበጠሰም።

“ከሦስት ተኩል በኋላ ማን ገባ?”

“ማንም።”

“ማንም ካልገባማ ሳጥኑ በራሱ እግር ወጥቷል።”

“አትቀልጂብኝ ቴኡራ። ዳኛው ነገ ጠዋት ነው የሚከፍቱት። እኔን ነው የሚበሉኝ።”

“ሌላ የጎደለ ነገር አለ?”

“የብስኩት ጣሳዬ እንኳን አልተነካም።”

“ብስኩት እንዳለህ ማን ያውቃል?”

“ሁሉም።”

“ቁልፉ የት እንደሚሰቀልስ?”

“ሁሉም አልኩሽ እኮ!”

ቴኡራ አቧራው ላይ የቀረውን አሻራ ለካች፤ ፎቶ አነሳች። ሌባው የመጣው ለዚህ ሳጥን ብቻ ነው። የመጣውም ደሴቱ በሙሉ ሲዘምር ነው።

የሳጥኑን ነገር እንደ ሰው ሁሉ ታውቀዋለች። ቴኬኡ የሚባል ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ በቢሮው ጀልባ እየወጣ፣ ባሕሩን ከሚከልለው የኮራል ድንጋይ አጥር ወዲህ ካለውና ሰው ሐይቁ ከሚለው ውሃ በጠርሙስ ይቀዳ ነበር። የሚቀዳበት ዘጠኝ ምልክት አለው። ውሃው ይመረመራል፤ ውጤቱን ቴኬኡ በእጁ ይጽፋል። ከዚያ ቴኬኡ ሞተ። ሐይቁ አረንጓዴ አተላ ማውጣት ሲጀምርና የልጆች ጆሮ ሲመግል የመንደሩ ሰው ቢሮውን ጠየቀ። ቢሮውም በአዳራሽ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በእነዚያ ዓመታት የተቀዳ ውሃ የለም ብሎ መለሰ።

ታዲያ ቴኬኡ ሰኞ ሰኞ በመንግሥት ጀልባ ምን ሲሠራ ነበር? ዓሣ ሲያጠምድ ነዋ! ሰው ሳቀ።

ሚስቱ ማማ ቱአይኔ አልሳቁም። በማግስቱ የመረጃ ሕጉን ጠቅሰው ወረቀቶቹን ጠየቁ። የሉም ተባሉ። ደግመው ጠየቁ። እየተፈለጉ ነው ተባሉ። ሦስተኛ ሲጠይቁ ለሕዝብ የሚገለጹ አይደሉም ተባሉ። “የሌለ ነገር ደግሞ እንዴት ነው የማይገለጸው?” ብለው ቢሮውን ፍርድ ቤት ገተሩት።

ዳኛው ከኒውዚላንድ እየበረሩ መጥተው፣ ጥቂት ሳምንት ችሎት ተቀምጠው የሚመለሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ችሎት ቢሮው መጋዘኖቹን በሙሉ እንዲፈትሽ አዘዙ። ሳጥኑ የደረቀ ኮኮናት መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ተገኘ። ዓርብ ታሽጎ ገባ። ዳኛው በሚቀጥለው ዓርብ ይበራሉ። ከዚያ በፊት ወረቀቱ ፊታቸው ካልቀረበ መዝገቡን እዘጋለሁ ብለዋል።

*

ማማ ቱአይኔ ቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከቴኬኡ መቃብር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የደረቀውን አበባ እየለቀሙ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ነጭ ባርኔጣቸውን ገና አላወለቁም።

“በልተሻል?” አሉ።

“በልቻለሁ ማማ።”

“ፊትሽ አልበላሁም ይላል። ጎደሬ አለ፣ ዓሣ አለ። ግቢና ብዪ።”

“ማማ፣ ሳጥኑ ተሰርቋል።”

እጃቸው አበባው ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ዞረው፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ከጎረቤት ጋር እንደሚያወራ ሰው “ሰማህ?” አሉት።

“ጠዋት የት ነበሩ ማማ? መጠየቅ ስላለብኝ ነው።”

“ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነዋ። ይህን ባርኔጣ ያላየ ካለ ዓይኑን ይታይ።”

“በምን ሄዱ?”

“ፑኑአ ነው በሞተሩ የሚያመላልሰኝ። የባሌ ታላቅ አይደል? ችሎትም ሲኖር እሱ ነው የሚወስደኝ። አንድ ቀን አርፍዶብኝ አያውቅም።”

“ፓፓ ፑኑአ አብረዎት ተቀመጡ?”

“እሱ ውስጥ መች ይቀመጣል? ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ውጭ በመስኮቱ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። ከዚያ ሆኖ ያንን ድምፁን ይለቅብናል።” ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ቴኡራ ማስታወሻዋን ዘጋች። “ሳጥኑ ባይገኝም እኮ፣ ቢሮው ወረቀቶቹ መኖራቸውን አምኗል። የፓፓ ቴኬኡ ስም ነጽቷል።”

“ስሙስ ይሁን። እኔ ግን ልጄ…” ማማ ቱአይኔ የለቀሙትን አበባ ቀሚሳቸው ላይ ሰበሰቡ። “የሱ እጅ ጽሑፍ ቤቴ ውስጥ የለም። አንድም። እቃ ግዢ ብሎ እንኳን የጻፈው ብጣሽ የለም። አብራው እራት ለምትበላ ሚስት ማን ይጽፋል? የጻፈውን ሁሉ ለቢሮው ነው የጻፈው። ዓርብ ሳጥኑን ሳሽግ ክዳኑ ገርበብ ብሎ አንዲት መስመር አየሁ። ‘ጠዋት፣ ነፋስ ከምሥራቅ’ ትላለች። የነፋሱን ‘ነ’ እንዴት እንደሚጠመዝዛት ረስቼው ነበር።”

ቴኡራ መሄድ ነበረባት። መንገዱ በሐይቁ ዳር ነው። ልጅ ሳለች እዚህ ውሃ ውስጥ እስከ ደረቷ ገብታ የእግሯን ጣቶች ትቆጥር ነበር። አሁን ከዳር ላይ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩን አያየውም። ሞተሩን ሳታጠፋ ጥቂት ቆማ አየችውና ነዳች።

*

እሑድ ጠዋት መንገዱን ስትዞር ያየችው አንድ ነገር ነበር። ከፍርድ ቤቱ ጓሮ የቆመ ቀይ ሞተር። ደሴቱ ላይ ቀይ ሞተር ብዙ ነው፤ የኋላ መብራቱ በቢጫ ፕላስተር የታሰረ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የፌርበርን።

ሰኞ ጠዋት ፌርበርንን ቢሮው አገኘችው። የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል።

“ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?”

“ባሕር ዳር። ስሮጥ።”

“ሞተርዎስ? ፍርድ ቤቱ ጓሮ እየሮጠች ነበር?”

ቀላ። እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። “እሺ። ጓሮው በረንዳ ላይ ነበርኩ። ልጄን እያናገርኩ። ኒውዚላንድ፣ ዱነዲን ነው ያለችው፣ ከእናቷ ጋር። የኔ ቤት ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ የፍርድ ቤቱ ደህና ነው። እናቷ ደግሞ እሑድ ብቻ ነው የምትፈቅድልኝ።”

“ይህ ምን የሚያስዋሽ ነገር አለው?”

“ከሳጥኑ አጠገብ ነበርኩ ብዬ ልንገርሽ? የቢሮው ነገረ ፈጅ? ደሴቱ በሙሉ በእኔ ላይ ነው እኮ።”

ስልኩን ሰጣት። ጥሪው ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል አልተቋረጠም። ልጅቷ በምስል ፊቱን እያየችው ሳጥን ተሸክሞ ሊወጣ አይችልም።

“ጆሮዎ የሰማው ነገር አለ?”

“በር ተከፈተ። ማታዮ መስሎኝ አልተነሳሁም። ከዚያ ልጄ ሳቀች። ‘አባዬ፣ እዚያ ጋ እንደ በሬ የሚያጉረመርመው ማነው?’ አለችኝ።”

“የሚያጉረመርም?”

“መዝሙሩን። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እስከዚያ ድረስ ይሰማል። ግን አንዱ ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ነበር፣ ከቤቱ ውስጥ። ወፍራም የወንድ ድምፅ። ኡም፣ ኡም፣ ኡም እያለ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።”

ቴኡራ ጻፈች።

“ግን ብትሰሚኝ” አለ ፌርበርን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጊዜሽን ታባክኛለሽ። ራሳቸው ከሳሿ ናቸው ያስወሰዱት። ሳጥኑ ቢከፈት ከሁሉ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው።”

“እንዴት? ውስጡ ያለውን አይተውታል?”

ወደ መስኮቱ ዞረ። “እንደው… በጨረፍታ።”

“የሚጎዱት ማማ ቱአይኔ ናቸው ወይስ ሌላ ሰው?”

“ቤተሰብ ለማለት ነው” አለ።

*

ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብላ አሰበች።

ሊሰርቅ የገባ ሰው ዝም ይላል። ይህኛው ዘመረ። ለምን? እብድ ስለሆነ አይደለም። የወንዶቹ ድምፅ መዝሙሩን ከሥር እንደ መዶሻ የሚመታ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምት አለው፤ ከልጅነቱ የያዘውን ቦታ ሌላ አይነካበትም። ተራው ሲደርስ ደረቱ በራሱ ይመታል። ሳጥን ታቅፎም ቢሆን ይመታል። ሰውየው ራሱም ሳይሰማው ዘምሯል።

እንግዲህ ያ ድምፅ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ከነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልነበረም።

ሬዲዮ ጣቢያው እያንዳንዱን እሑድ ይቀዳል። ቴኡራ ቅጂውን ወሰደች። ለማን እንደምታሰማው አላሰበችም፤ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ማማ ሞኤሮአ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ ሠላሳ ዓመት የያዙ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ስትደርስ ዶናት እየጠበሱ ነበር።

“ማማ፣ መዝሙር ላሰማዎት መጣሁ።”

“በሥራ ሰዓት? ፖሊሱ ሁሉ ሥራ ፈታ ማለት ነው።” እጃቸውን ጠራርገው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የመጀመሪያው መዝሙር አለፈ። ራሳቸውን ነቀነቁ። “አሪፍ ነበርን። የቲቲካቬካ መንደር ሰዎች ትንሽ ቸኩለዋል።”

ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ተጀመረ። ማማ ሞኤሮአ ዓይናቸውን ገለጡ።

“አቁሚው። ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም።”

“መልሺው እስቲ።” አዳመጡ። ፊታቸው ተኮሳተረ። “ከመስኮቱ በኩል ጎድሏል። ውጭ ያሉት ሽማግሌዎች ሥራቸውን ይሠራሉ፣ መሐላቸው ግን ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ነው። ፑኑአ የት ሄደ?”

“እርግጠኛ ነዎት? ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል?”

“ልጄ፣ እኔ የምቆመው እሱ ድምፅ ላይ ነው። ወለሉ ሲነቀልብኝ አላውቅም? ትናንትም ታውቆኝ ነበር፤ ጉልበቱ አሞት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።”

ቴኡራ የመጨረሻውን መዝሙር ከፈተች።

“ይኸው ተመለሰ” አሉ ማማ ሞኤሮአ። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠጉ። “እያለከለከ ነው ምስኪን። የት ሲሮጥ ቆይቶ ነው?”

*

ፓፓ ፑኑአ ሐይቁ ዳር ሦስት ቤቶች አሏቸው። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ወደ ውሃው የዞረ በረንዳ። ሁለቱ ለቱሪስት ይከራያሉ። ሦስተኛው ሁልጊዜ ዝግ ነው። ቴኡራ ስትደርስ የሦስተኛውን ቤት ደጃፍ እየጠረጉ ነበር፤ የወደቀ ቅጠል ግን አልነበረም።

“ኪያ ኦራና ፓፓ።”

“ኪያ ኦራና ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?”

“ጸሎት ነዋ! የት ልሆን?”

“ሙሉውን ጊዜ?”

“ሙሉውን።”

“ሦስተኛውን መዝሙር ዘምረዋል?”

“ዘምሬያለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ነው የምነግርሽ፣ ዘምሬያለሁ።”

“አውቃለሁ ፓፓ፣ ዘምረዋል። የት ሆነው?”

መጥረጊያው ቆመ።

ሽማግሌው ውሃውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ የመጥረጊያውን እጀታ አዩ። ቴኡራ አልቸኮለችም። መኪናዋ ውስጥ ሆና አንድ ነገር ተመኝታ ነበር፤ ማማ ሞኤሮአ ተሳስተው እንዲሆን። ምኞቷ እዚያች ደቂቃ ላይ አለቀ።

“ማን ሰማኝ?” አሉ በመጨረሻ።

“ዱነዲን ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ።”

ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አልጠየቁምም። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሰማያዊውን በር ከፈቱ።

ቤቱ አዲስ እንጨት ይሸታል። ወንበሮቹ የመጡበት ፕላስቲክ አልወለቀም። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሰፊ አልጋ ተነጥፏል፤ ላዩ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ወራት የሚፈጅባቸው ዓይነት ቀይ አበባ የተሰፋበት የአልጋ ልብስ ተዘርግቷል፤ አንድ ሰው እንኳን አልተኛበትም። ፓፓ ፑኑአ ተንበርክከው ሊያወጡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ቴኡራ አጎንብሳ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳበችው።

ገመዱ እንደታሰረ ነው። ሰሙ አልተሰበረም።

“አልከፈቱትም?”

“አልከፈትኩትም።”

“ለምን አላቃጠሉትም? ለማጥፋት አይደል የወሰዱት?”

“ክብሪት ይዤ ጓሮ ወጥቼ ነበር።” አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጡ አሉና ልብሱ እንዳይጨማደድ ብለው እግራቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። “የወንድሜ እጅ ነው ልጄ። እሱን እንዴት አቃጥለዋለሁ?”

“ማን ነገረዎት? ውስጡ ምን እንዳለ።”

“ዓርብ ለት፣ ሲያሽጉ፣ ያ ነገረ ፈጅ ወደ ጥግ ጠራኝ። ‘ስድስተኛው ምልክት የማን መሬት ፊት ለፊት እንደሆነ ያውቃሉ ፓፓ?’ አለኝ። ‘ከሁሉ የከፋው ውሃ የተቀዳው ከዚያ ነው። እሳቸውን ክሱን ተይ ቢሏቸው ለቤተሰቡ ይበጃል’ አለኝ። እኔ ግን ቱአይኔን ምን ብዬ ተይ እላታለሁ? በየችሎቱ የማመላልሳት እኔ!”

“ስለዚህ ለማማ ሰረቁላቸው።”

“ሰረቅኩባት” አሉ ሽማግሌው።

እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው ቀጠሉ።

“ቴኬኡ ነግሮኝ ነበር። አንድ ቀን ጠርሙሱን ይዞ መጣ። ‘የሁለቱ ቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ ያፈሳል፣ ሐይቁን እየገደልከው ነው’ አለኝ። ቢሮው ፈቃድ ሰጥቶኛል አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም፣ ሳያዩ ነው የፈረሙልኝ። ተሰዳደብን። ጠርሙሱን በረንዳዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ታርቀን ሳናወራ ነው የሞተው። ሰው ዓሣ አጥማጅ ሲለው ሰምቼ እንኳን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።”

“ኪራዩ እንዳይቀርብዎት?”

“ኪራዩ!” ሳቁ፤ ሳቅ አይመስልም። “የሁለቱ ኪራይ ለዚህኛው ነው። ይህ የልጄ የኩራ ነው። ኦክላንድ ከሄደች ስንት ጊዜዋ! ቤት ካለ እመጣለሁ አለችኝ። ሠራሁ። መጋረጃ አለችኝ። ገዛሁ። በየገናው ለሚቀጥለው ትላለች። ሳጥኑ ከተከፈተ ቤቶቹን ይዘጉብኛል። የተዘጋ ግቢ ውስጥ ማን ይመጣል?”

የቴኡራ ወንድም ሲድኒ ነው፤ ሁለት አክስቶቿ ኦክላንድ ናቸው። ማንንም ሳትጠይቅ የሚገባት ነገር ነበር። ቢሆንም ሳጥኑን አነሳች።

“ይነሱ ፓፓ። አብረን እንሂድ።”

*

ማማ ቱአይኔ ፖሊስ ጣቢያ የመጡት በእግራቸው ነው። ፓፓ ፑኑአ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማማ ከፊታቸው ቆሙ።

“አንተ!”

“ቱአይኔ…”

“ዝም በል። እኔን ኋላህ አስቀምጠህ ነው የወሰድከው? የኔ ቦርሳ የሚቀመጥበት ላይ ነው ያሰርከው?”

“በመዝሙሩ መሐል ነው። አንቺ ውስጥ ነበርሽ።”

“ሰምቼሃለሁ እኮ! የመጨረሻው ላይ አፍህ ሲደርቅ ሰምቼ፣ ሙቀቱ ጎድቶት ይሆናል ብዬ ውሃ ይዤልህ ወጣሁ!” እንባቸው መጣ፤ በመዳፋቸው ጠረጉት። “ኩራ ሦስት ልጆች አሏት። አምጥታ የት ታዋኛቸዋለች? አንተ ባጠፋህብኝ ውሃ ውስጥ?”

ፓፓ ፑኑአ አንገታቸውን ደፉ።

“ተጣልተን ነበር” አሉ። “እኔና ቴኬኡ።”

“አውቃለሁ። እስኪሞት ድረስ ሰኞ ሰኞ ስድስተኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በረንዳህን ያይ ነበር። ውጣና ጥራኝ እያለ። ነግሮኛል።”

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ማማ ቱአይኔ አጠገባቸው አልተቀመጡም፤ ግን አልሄዱምም።

*

ከሰኞ በተላለፈው ችሎት፣ ሐሙስ ዕለት ዳኛው ሰሙን በገዛ እጃቸው ሰበሩ። ቢሮው ወረቀቶቹን ሦስት ጊዜ ክዷል፤ የካደበት ምክንያትም ሲነበብ ታየ። የቤት ፈቃድ ከተሰጠባቸው ቦታዎች ውስጥ አራቱ በቴኬኡ ወረቀት ላይ አስቀድሞ የተመረዘ ውሃ የተመዘገበባቸው ነበሩ። ፌርበርን ለፓፓ ፑኑአ ሹክ ያለው ቃል በችሎት ተነበበ፤ ሰውየው በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገደ። የቢሮው ኃላፊ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ቴኬኡ ዓሣ ሲያጠምድ እንዳልነበር ተናገረ። ማንም አልሳቀም።

ፓፓ ፑኑአ ጥፋታቸውን አምነው የአንድ ዓመት የማኅበረሰብ ሥራ ተፈረደባቸው። መርማሪዎች ሄደው የሦስቱንም ቤቶች ጉድጓድ ከፈቱ። ሁለቱ ስንጥቅ ነበሩ፤ ተዘጉ። ሦስተኛው ደረቅ ነበር። ወደ ሐይቁ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም፤ የተጠቀመበት ሰው የለም።

ዳኛው ወረቀቶቹ ለሁሉ ክፍት እንዲሆኑ፣ ዋናዎቹ ግን ከመዝገብ ቤት እንዳይወጡ አዘዙ። ለማማ ቱአይኔ ቅጂ ተሰጣቸው። ቅጂውን ለጎረቤት አደሉት። እሳቸው የፈለጉት እስክሪብቶው የተጫነውን ወረቀት ነው።

ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በሚከፈትበት ቀን ሁሉ ይመጣሉ። የሚያመጧቸው ፓፓ ፑኑአ ናቸው፤ በመንገድ ላይ አያወሩም፤ ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተው ውጭ ይጠብቃሉ። ማታዮ በግራው መስኮት ሥር ወንበር ያወጣላቸዋል፤ ብስኩት ያቀርባል። ማማ አንድ ቅጠል ወረቀት ያወጣሉ። አንድ ሰኞ። ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ ዘጠኙን ቁጥሮች በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ከዚያ መልሰው ያስቀምጡትና ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

“ሁለት ቢያነቡስ ማማ?” አላቸው ማታዮ አንድ ቀን። “ቶሎ ያልቅልዎት ነበር።”

“እሱን ነው የምፈራው” አሉት።

ሳጥኑ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጠል ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ማታዮ ቆጠራቸው። ያልተነበቡት አንድ መቶ ስልሳ ናቸው።